አንዱን ግሥ ፈትቶ እንግሊዝኛ መናገር፦ አያያዥ፣ ተውላጠ ስምና ተውሳከ ግሥ በዕለት ወሬ

ሐዋሳ ላይ እንግሊዝኛ ለሥራው የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ለእንግዳ ዓሣ የሚያቀርብ አለ። ሐይቁ ላይ ቱሪስት በጀልባ የሚያዞር አለ። ሆቴል እንግዳ የሚቀበል፣ በ2008 ዓ.ም በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ከውጭ አገር ሱፐርቫይዘር ጋር የሚውል አለ። እነዚህ ሰዎች ቃል አላጡም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ እዚያ የደረሰ ሁሉ ዕቃውንም ዋጋውንም ሰዓቱንም በእንግሊዝኛ ይጠራል። የሚቸግረው ሁለት ሐሳብ ማገናኘት ሲመጣ ነው። «ስለዘገየ»፣ «ከመጡ»፣ «እንዲሰማኝ» ማለት ሲፈለግ ምላስ ይተሳሰራል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። የሁለቱ ቋንቋዎች አሠራር ስለሚለያይ ነው። በአማርኛ አያያዡም፣ አድራጊውም፣ ተደራጊውም፣ አሉታውም ተጠቅልለው አንድ ግሥ ውስጥ ይገባሉ። እንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ያቆመዋል። አፉን በሲዳሙ አፎ የፈታ ሰውም ያው ነው፤ የእሱም ቋንቋ ግሡን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል፣ ብዙ ነገርም ግሡ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ መፍትሔው አዲስ ቃል መሸምደድ ሳይሆን የራሳችንን ግሥ ፈትቶ መግጠም ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎቹን እንደሚሰሙ አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ስትለማመዱ ግን ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው። ሰዋስው መጽሐፍ መስተጻምር የሚለውን ደግሞ እዚህ አያያዥ እለዋለሁ። ተውላጠ ስም «እኔ፣ እሷ፣ እነሱ» ዓይነቱ ቃል ነው፤ ተውሳከ ግሥ ደግሞ ድርጊቱ እንዴት፣ የት ወይም መቼ እንደሆነ የሚናገረው ነው።

መጀመሪያ ግሡን ፍቱ

«ስላልደወለችልኝ» የሚለውን ውሰዱ። አንድ ቃል ነው። አራት ጥያቄ እንጠይቀው።

የሚያያይዘው ምንድን ነው? «ስለ» ነው። በእንግሊዝኛ «ቢኮዝ»።

ማን ናት አድራጊዋ? «ደወለች» ላይ ያለችው «ች» ትነግረናለች። «ሺ»።

ሆኗል ወይስ አልሆነም? «አል» አለበት፣ አልሆነም። «ዲድንት»።

ለማን? መጨረሻ ላይ «ልኝ» አለ። «ሚ»።

አሁን ግጠሙት። የእንግሊዝኛ ተራ ይህ ነው፦ አያያዥ፣ አድራጊ፣ አሉታ፣ ግሥ፣ ተደራጊ። «ቢኮዝ ሺ ዲድንት ኮል ሚ።» የእኛ አንድ ቃል አምስት ሆነ። አንዱም ሊቀር አይችልም። «ቢኮዝ ዲድንት ኮል» ያለ ሰው ማን እንዳልደወለ፣ ለማን እንዳልደወለ አልተናገረም።

አንድ ተጨማሪ እንፍታ። «እንዲሰማኝ ጮህኩ።» «እንዲ» አያያዥ ነው፣ «ሶ ዛት»። ሰሚው እሱ ነው፣ «ሂ»። የሚሰማው እኔን ነው፣ «ሚ»። «ጮህኩ» ላይ ያለው «ኩ» ደግሞ «አይ» ነው። ሲገጠም፦ «አይ ሻውትድ ሶ ዛት ሂ ኩድ ሂር ሚ።»

ይህን ልማድ እስክታደርጉት በወረቀት ሥሩት። ከተለመደ በኋላ አእምሮ ራሱ ይፈታዋል። የሚቀጥሉት ነጥቦች ሁሉ ከዚህ የሚወጡ ናቸው።

አድራጊውን ስም አስጠሩ

በእንግሊዝኛ ከትእዛዝ በቀር ግሥ ያለ አድራጊ አይቆምም። አድራጊ የሌለ በሚመስልበት ቦታ እንኳ «ኢት» ይገባል። «ዘነበ» ስንል ማን እንደዘነበ አንጠይቅም። እንግሊዝኛው ግን «ኢት ሬይንድ» ነው። እንግዳ ታቦር ተራራ ሩቅ እንደሆነ ቢጠይቃችሁ፣ «ሩቅ አይደለም» ለማለት «ኢት ኢዝንት ፋር» በሉ። «ኢዝንት ፋር» ብቻውን ይጎድላል። ለአየር ሁኔታ፣ ለሰዓትና ለርቀት «ኢት» አይለያችሁ።

ከዚህ የሚከብዱት «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገረመኝ»፣ «ይመስለኛል» የሚሉት ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ላይ እኔ ተደራጊ ነኝ፤ «ኝ» መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን አድራጊ ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል። «አይ ኤም ሀንግሪ»፣ «አይ ኤም ኮልድ»፣ «አይ ኤም ታየርድ»፣ «አይ ቲንክ»። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ግሥ ላይ «ኝ» ስታዩ «ሚ» አትበሉ፣ «አይ» በሉ። «ን» ስታዩ «አስ» ሳይሆን «ዊ»። «ስለራበን ወደ አሞራ ገደል ሄድን» የሚለው «ዊ ወር ሀንግሪ፣ ሶ ዊ ዌንት ቱ አሞራ ገደል» ይሆናል።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው ናፍቆት ነው። «ናፈቅሽኝ» ስንል የግሡ ባለቤት «አንቺ» ነሽ፤ እኔ ተደራጊ ነኝ። ቀጥታ የገለበጠው ሰው «ዩ ሚስ ሚ» ይላል። ሰሚዋ የምትረዳው ግን «ናፍቄሻለሁ አይደል?» የሚለውን ነው። ትክክሉ «አይ ሚስ ዩ» ነው። እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱ ተውላጠ ስሞች ሙሉ በሙሉ ቦታ ይለዋወጣሉ። ውጭ አገር ካለ ዘመድ ልጆች ጋር በእንግሊዝኛ የምታወሩ ይህችን አጥብቃችሁ ያዟት።

ለሁለት ሐሳብ አንድ አያያዥ

በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም፣ እኛ ግን ሄድን» ብንል ደስ ይላል። ሦስት ቦታ ላይ «ቢሆንም» የሚል መንፈስ አለ። ማንም አይቃወመንም። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። ወይ «ኦልዞ ኢት ሬይንድ፣ ዊ ዌንት» ነው፣ ወይ «ኢት ሬይንድ፣ ባት ዊ ዌንት» ነው። «ኦልዞ» ብላችሁ ከጀመራችሁ መሐል ላይ «ባት» አታስገቡ። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም እንዲሁ ናቸው። «ቢኮዝ አይ ዎዝ ሲክ፣ ሶ አይ ስቴይድ ሆም» የሚለውን ከተማችን ውስጥ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንዷን አውጡ። የትኛዋም ብትወጣ ዓረፍተ ነገሩ ይድናል።

«ግን» በአማርኛ እንደልቡ ይዘዋወራል። «እኔ ግን አልሄድኩም» እንላለን፤ «አልሄድኩም ግን» እንላለን። «ባት» እንደዚህ አይዘዋወርም፤ ከሐሳቡ ፊት ይቆማል፦ «ባት አይ ዲድንት ጎ።» መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ከፈለጋችሁ ሌላ ቃል አለ፣ «ዞ» የሚባል። «ዘ ፊሽ ኢዝ ግሬት። ኢትስ ኤክስፔንሲቭ፣ ዞ።» ዓሣው ግሩም ነው፣ ውድ ነው ግን። ይህ አነጋገር በወሬ ላይ በጣም ይሠራል፤ ከእኛም «ግን» ጋር በደንብ ይገጥማል።

«ሀውኤቨር» እና «ዜርፎር» አያያዥ ይመስላሉ እንጂ ተውሳከ ግሥ ናቸው። በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሁለት ዓረፍተ ነገር ማገናኘት አይችሉም። ሪፖርት ወይም ኢሜይል ስትጽፉ ፊታቸው ላይ አራት ነጥብ እንደምናደርገው ነጥብ አድርጉ፣ ኋላቸው ላይ ነጠላ ሰረዝ። በአፍ ስታወሩ «ባት» እና «ሶ» ይበቋችኋል።

«ጠጥቼ፣ ይዤ፣ ገባሁ»

አማርኛ ተከታታይ ድርጊትን ያለ አያያዥ ያስኬዳል። «ተነስቼ፣ ቁርስ በልቼ፣ ባጃጅ ይዤ ፓርኩ ደረስኩ።» እዚህ ውስጥ «እና» የለም፤ ግን እያንዳንዱ ግሥ ላይ «እኔ» አለሁ። እንግሊዝኛው ይገለብጠዋል። «አይ» አንዴ ብቻ መጀመሪያ ላይ ይነገራል፣ «ኤንድ» ደግሞ ከመጨረሻው ድርጊት ፊት ይገባል። «አይ ጎት አፕ፣ ሃድ ብሬክፋስት፣ ቱክ ኤ ባጃጅ ኤንድ ጎት ቱ ዘ ፓርክ።» በየግሡ «ኤንድ አይ፣ ኤንድ አይ» ማለት ስሕተት ባይሆንም የሕፃን ወሬ ያስመስላል።

አድራጊው መሐል ላይ ከተቀየረ ግን የግድ ስሙን ጥሩ። «ደውሎልኝ ወጣሁ» ውስጥ ደዋዩ እሱ ነው፣ የወጣሁት እኔ ነኝ። አማርኛው ራሱ ይለየዋል። በእንግሊዝኛ «ሂ ኮልድ ሚ ኤንድ አይ ዌንት አውት» ነው። ያቺን «አይ» ብትዘሏት «ሂ ኮልድ ሚ ኤንድ ዌንት አውት» ይሆንና የወጣው እሱ ሆኖ ያርፋል። አንዲት ቃል ታሪኩን ወደ ሌላ ሰው አዞረችው። ሥራ ላይ ማን ምን እንዳደረገ ስትናገሩ ይህ ቀልድ አይደለም። ማሽኑን ማን እንዳጠፋው፣ ዕቃውን ማን እንደተረከበው በዚህች ቃል ይለያል።

«የገዛሁት ዓሣ»

«የገዛሁት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ዓሣውን ታመለክታለች። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ዘ ፊሽ ዛት አይ ቦት ኢት» የሚለው። «ት»ን ወደ «ኢት» ቀየራት። በእንግሊዝኛ ግን «ዛት» ራሷ የዓሣው ወኪል ስለሆነች «ኢት» ትርፍ ናት። «ዘ ፊሽ ዛት አይ ቦት» ይበቃል። እንዲያውም «ዛት»ንም ጥላችሁ «ዘ ፊሽ አይ ቦት» ማለት ትችላላችሁ። የምትጣለው ግን ከኋላዋ ሌላ አድራጊ ካለ ነው። «የደወለው ሰውዬ» ሲሆን «ዘ ማን ሁ ኮልድ» ነው፤ ደዋዩ እሱ ራሱ ስለሆነ «ሁ» ከቦታዋ አትነሳም።

ተውሳከ ግሥ የት ይቁም?

አማርኛ ተውሳከ ግሡን ከግሡ ፊት ያቆማል። «እንግሊዝኛ በደንብ ይናገራል።» እንግሊዝኛ አንድ ጽኑ ደንብ አለው፦ እንደ «በደንብ» ያለ ተውሳከ ግሥ በግሡና በተደራጊው መሐል አይገባም። ስለዚህ «ሂ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» አይሆንም። «ሂ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል» ነው። «በጣም እወደዋለሁ»ም እንዲሁ። «አይ ቬሪ ላይክ ኢት» የሚባል የለም። «ቬሪ» ግሥ ፊት ብቻዋን አትቆምም። «አይ ላይክ ኢት ቬሪ ማች» በሉ፤ ግሡና ተውላጠ ስሙ ተያይዘው ይሄዱና ተውሳከ ግሡ ይከተላል።

ቦታና ጊዜ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ፣ ቦታ ቀድሞ። «ትናንት ወደ ሐይቁ ሄድን» ማለት «ዊ ዌንት ቱ ዘ ሌክ የስተርደይ» ነው። «የስተርደይ»ን መጀመሪያ ላይ ማድረግም ይቻላል። መሐል ላይ ግን አትወትፏት።

«ኦልዌይስ»፣ «ዩዡዋሊ»፣ «ኔቨር» የተለየ ቤት አላቸው። ከተራ ግሥ ፊት ይቆማሉ፦ «ሺ ኦልዌይስ ካምስ ኧርሊ።» ከ«ነኝ፣ ነው፣ ናቸው» ግን ኋላ ይቆማሉ፦ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ።»

ለፓርክ ሠራተኞች የግድ የሚያስፈልግ ሌላ ጥምረት አለ። «አጥፋው» የሚለው ትእዛዝ «ተርን ኢት ኦፍ» ነው። «ኦፍ» ተውሳከ ግሥ ናት፤ «ኢት» ተውላጠ ስም ናት። ተውላጠ ስሟ ሁልጊዜ መሐል ትገባለች። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም። በተውላጠ ስሙ ምትክ ሙሉ ስም ከሆነ ሁለቱም ይሄዳል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ማሺን» ወይም «ተርን ዘ ማሺን ኦፍ»። «አንሳው» «ፒክ ኢት አፕ»፣ «አስቀምጠው» «ፑት ኢት ዳውን»፣ «ጣለው» «ስሮው ኢት አዌይ»። እነዚህን አራቱን እንደ አንድ ትንፋሽ አድርጋችሁ ተለማመዷቸው። የሱፐርቫይዘር ቋንቋ ግማሹ በዚህ የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

«ገና» ሲባል ደግሞ «የት» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ መጨረሻ ትሄዳለች፦ «ሂ ሃዝንት ካም የት»፣ ገና አልመጣም። «አሁንም እየጠበቅኩ ነው» ሲሆን «አይ ኤም ስቲል ዌይቲንግ» ነው።

ትንሿ «ም»

«እኔም» ውስጥ ያለችው «ም» በእንግሊዝኛ ሁለት መልክ አላት። ነገሩ አዎንታ ከሆነ «ቱ»፦ «አይ ዎንት ኢት ቱ።» አሉታ ከሆነ «አይዘር»፦ «አይ ዶንት ዎንት ኢት አይዘር።» «እኔም አልፈልግም» ለማለት «ቱ» የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን ለዩ። ሁለቱም መጨረሻ ላይ ይቆማሉ። በአጭሩ መመለስ ለሚፈልግ «ሚ ቱ» እና «ሚ ናይዘር» አሉ።

«ማንም አልመጣም» ላይ ያለችው «ም» ሌላ ጣጣ አላት። እኛ ግሡን አሉታ እናደርጋለን፣ «ማንም»ንም እንጨምራለን። እንግሊዝኛ አሉታን አንዴ ብቻ ይናገራል። «ኖባዲ ኬም» በሉ። «ኖባዲ» እያለ «ዲድንት» አይመጣም። «በጭራሽ አላረፍድም»ም «አይ ኤም ኔቨር ሌት» ነው፤ «ኔቨር» አሉታውን ጨርሳዋለች።

«ከመጣ» እና «ሲመጣ»

«ሲመጣ» ስንል መምጣቱን እናውቃለን፣ «ዌን» ነው። «ከመጣ» ስንል እርግጠኛ አይደለንም፣ «ኢፍ» ነው። ሁለቱም ዘንድ ስለ ወደፊት ብናወራም «ዊል» ከአያያዡ ጋር አትገባም። «ኢፍ ሂ ካምስ፣ አይ ዊል ቴል ሂም።» «ዊል» በሁለተኛው ክፍል ብቻ ናት።

«ሳይመጣ እንሂድ» የሚለው ደግሞ በእኛ ዘንድ የአሉታ መልክ አለው። እንግሊዝኛው ግን አዎንታ ነው፦ «ሌትስ ጎ ቢፎር ሂ ካምስ።» «ቢፎር ሂ ዳዝንት ካም» አትበሉ።

እርስዎና እሳቸው

ታላቅ ሰውን «ዩ» ማለት ብዙ ሰው ይከብደዋል፤ አክብሮት ያጓደለ ይመስለዋል። አይክበዳችሁ። በድሮ እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዛው» ይባል ነበር። «ዩ» የብዙ ቁጥር ነበረች፤ በኋላም ለአክብሮት ታገለግል ነበር፣ እንደ እኛ «እርስዎ» ማለት ነው። ውሎ አድሮ «ዛው» ከዕለት ንግግር ወጣች፣ «ዩ» ለሁሉም ቀረች። ለአክብሮት «ሰር»፣ «ማዳም»፣ «ፕሊዝ»፣ «ኩድ ዩ» ጨምሩ። ስለ አባታችሁ ስታወሩ ግን «እሳቸው» ብላችሁ ስለለመዳችሁ «ዘይ» እንዳትሉ። «ማይ ፋዘር ሴድ ሂ ዊል ካም» ነው። አባታችሁን አላቃለላችሁም። «እኔና አባቴ» ሲሆንም ራሳችሁን ኋላ አድርጉ፦ «ማይ ፋዘር ኤንድ አይ»። «አይ» ትሁን «ሚ» ብትጠራጠሩ አባትን ለጊዜው አውጥታችሁ ስሙት። «ሂ ኮልድ አይ» ጆሮ ይጎረብጣል፤ ስለዚህ «ሂ ኮልድ ማይ ፋዘር ኤንድ ሚ» ነው።

ሁሉንም በአንድ ላይ

ልምምዱን ከመጽሐፍ አትጀምሩት። ስልካችሁን ክፈቱና ዛሬ በአማርኛ የላካችሁትን መልእክት ውሰዱ። ለምሳሌ ፍቅር ሐይቅ ጋ ጓደኞቹን የቀጠረ ሰው እንዲህ ጻፈ እንበል፦ «ዝናብ ስለያዘኝ ዘገየሁ፤ ስደርስ ግን እነሱም ገና አልመጡም ነበር።»

«ዘገየሁ» ውስጥ «አይ» አለ፦ «አይ ዎዝ ሌት»። «ስለያዘኝ» ላይ ያዡ ዝናቡ ነው፣ የተያዝኩት እኔ፤ እንግሊዝኛው ግን እኔን ፊት ያመጣል፦ «ቢኮዝ አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን»። «ግን» ከመሐል ወጥቶ ፊት ይቆማል፣ «ባት»። «ስደርስ» እርግጥ የሆነ ነገር ነው፣ «ዌን አይ አራይቭድ»። «እነሱ» «ዘይ» ናቸው። «ገና» «የት» ናት፣ ወደ ኋላ ትሄዳለች። «ም» ነገሩ አሉታ ስለሆነ «አይዘር» ናት፣ እሷም ከኋላ።

«አይ ዎዝ ሌት ቢኮዝ አይ ጎት ኮት ኢን ዘ ሬይን፣ ባት ዌን አይ አራይቭድ፣ ዘይ ሃድንት ካም የት አይዘር።»

አሁን ይህችን እናንተ ፍቱ፦ «ስለደከማት ቀድማ ሄደች፤ የረሳችውን ስልክ ግን እኔ ይዤላታለሁ።» በ«ደከማት» ውስጥ ያለችውን ሴት ወደ አድራጊ ቦታ አምጧት፣ «የረሳችው» ላይ «ኢት» አትጨምሩ፣ «ግን»ን ፊት አቁሙት። ሠርታችሁ ስታበቁ ከዚህ ጋር አስተያዩት፦ «ሺ ዎዝ ታየርድ፣ ሶ ሺ ሌፍት ኧርሊ፣ ባት አይ ሃቭ ዘ ፎን ሺ ፎርጎት።» «ሶ»ን ትታችሁ በ«ቢኮዝ» ብትጀምሩትም ልክ ናችሁ።